ናሳን ያስቸገረች ግንደ ቆርቁር፦ የዲስከቨሪ 200 ቀዳዳዎችና የቤታችን ግድግዳ

ዲስከቨሪ የተባለችው የናሳ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 1995 ልትወነጨፍ ቀን ተቆርጦላት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1 ቀን 1987 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ቀኑ ደረሰ። ዲስከቨሪ ግን ወደ ጠፈር አልሄደችም። በሰንሰለት በሚሄደው ግዙፍ ተሽከርካሪ ላይ እንደቆመች ቀስ እያለች ወደ መገጣጠሚያ ሕንፃዋ ተመለሰች። ሞተሯ አልተበላሸም። አየሩም አልከፋም። የነዳጅ ታንኳን ግንደ ቆርቁር በስቶት ነው።

ወፏ ኖርዘርን ፍሊከር ትባላለች። ርዝመቷ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክብደቷ ቢበዛ 160 ግራም ቢሆን ነው። መንኮራኩሯ በበኩሏ ነዳጅ ሞልታ፣ ከነታንኳና ከነሮኬቶቿ 2 ሺህ ቶን ገደማ ትመዝናለች። ታሪኩን ሲሰማ የማይስቅ የለም። የቤቱን ግድግዳ ግንደ ቆርቁር የቆረቆረችበት ሰው ግን ከሳቁ በኋላ ጆሮውን ማቆሙ አይቀርም።

ጉዳዩን የመረጥኩት ለዚህ ነው። በኮሎራዶ ዴንቨርና ኦሮራ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ቤት የገዙ ብዙ ወገኖች አሉን። ያደግነው በጭቃ፣ በብሎኬትና በድንጋይ ቤት ነው። ወፍ ግድግዳ ትበሳለች ብሎ ያሰበ ማን አለ? እዚህ ግን ግድግዳው እንጨት ነው፣ ወይም ፎም ላይ የተለሰነ ስስ ልባስ ነው። በሩቅ ያማረ ነው። በጣት ሲመቱት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ግንደ ቆርቁር የምትወደው ደግሞ ያንኑ ድምፅ ነው። ዲስከቨሪ ላይ የደረሰው ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ናሳ ሁሉንም ነገር መመዝገቡ ነው።

ቦታው

ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ነው ያለው። ናሳ ሰፊ መሬት ይዞ ለሮኬት የሚጠቀመው ጥቂቱን ብቻ ነው። የቀረው ጫካ፣ ረግረግና ሐይቅ ነው። ይህ መሬት እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሜሪት አይላንድ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ሆኗል። ከ300 በላይ የወፍ ዓይነቶች ይታዩበታል። ንስሩም፣ ሽመላውም፣ ግንደ ቆርቁሩም እዚያው ናቸው። አዞውን ሳንቆጥር ማለት ነው።

ስለዚህ ወፎቹ ናሳ ጊቢ ገቡ ከማለት ናሳ ወፎቹ ጊቢ ውስጥ ሮኬት አቆመ ማለት ይቀላል። በማስወንጨፊያዎቹ ዙሪያ ዘንባባ ነበር። ደርቆ የቆመ ዛፍ ነበር። ያረጀ የስልክ እንጨት ነበር። አጭር ሆኖ የታጨደ ሣርም ነበር። ይህን ሣር ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ፍሊከር ከሌሎቹ ግንደ ቆርቁሮች ለየት የምትልበት ጠባይ አላት። ምግቧን የምትፈልገው በአብዛኛው መሬት ላይ ነው። ጉንዳን ትወዳለች። ሣር ላይ ወርዳ አፈሩን በምንቃሯ እየቆፈረች፣ ረጅም ምላሷን እየሰደደች ትለቅማለች። ግንድ የምትቆረቁረው በዋነኛነት ቤት ለመሥራትና ድምፅ ለማሰማት ነው። የምትሠራው ጎጆ መግቢያው ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ወደ ውስጥ ደግሞ ከ33 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል። እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች። ፀደይ ሲመጣ ቦታ ማማረጥ ትጀምራለች። ጠንካራ ዛፍ አትወድም። የምትፈልገው የሞተ፣ የላላ፣ ምንቃር በቀላሉ የሚገባበትን ነው።

ታንኩ

ዲስከቨሪ ወደ ማስወንጨፊያ 39ቢ የወጣችው ሜይ 11 ነው። ሆዷ ላይ የሚያያዘው የውጭ ነዳጅ ታንክ ቁመቱ 47 ሜትር፣ የጎኑ ስፋት 8.4 ሜትር ነው። 2 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ፈሳሽ ሃይድሮጅንና ፈሳሽ ኦክስጅን ይይዛል። ሃይድሮጅኑ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ነው። ኦክስጅኑ ከዜሮ በታች 183። ይህን ቅዝቃዜ ከፍሎሪዳ ሙቀት የሚለየው ከአሉሚኒየሙ ውጭ የተረጨ ፎም ነው። ውፍረቱ በአብዛኛው ቦታ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት በረራዎች ታንኩ ነጭ ቀለም ይቀባ ነበር። በኋላ ቀለሙ ራሱ 270 ኪሎ ገደማ እንደሚመዝን ታየ። ለክብደት ሲባል ተተወ። ከዚያ በኋላ ፎሙ ራቁቱን ቀረ። አዲስ ሲረጭ ፈዛዛ ነው። ፀሐይ ሲመታው እየጠቆረ ወደ ብርቱካናማ ቡናማ ይለወጣል። ፎቶው ላይ የምናውቀው ያ ቀለም የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን በወፏ ዓይን እንየው። ጫካው መካከል አንድ ረጅም፣ ክብ፣ ቡናማ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ግንድ አለ። ቅርንጫፍ የለውም። ትጠጋና ትመታዋለች። ለስላሳ ነው። ምንቃሯ ይገባል። ፍርፋሪው ይረግፋል። እንዲህ ያለ ግንድ ጫካ ለጫካ ስትዞር አታገኝም። ትቆፍራለች። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል እንደገባች ግን ብረት ይገጥማታል። ትተወዋለች። ትንሽ ፈንጠር ብላ ሌላ ትጀምራለች። እዚያም ብረት። እንደገና ፈንጠር ትላለች።

ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ቀዳዳው የበዛው ወፎቹ ብዙ ስለሆኑ ወይም እልኸኛ ስለሆኑ አይደለም። ፈልገው ስላላገኙ ነው። አንዱ ቀዳዳ 40 ሳንቲ ሜትር ገብቶ ጎጆ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይቆሙ ነበር። ቤታችን ላይም በአንድ ግድግዳ ላይ አምስትና ስድስት ያላለቁ ቀዳዳዎች ስናይ፣ ወፏ ግድግዳው ውስጥ የምትፈልገውን ጥልቀት እያጣች እንደሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሰው ያልነበረበት ቅዳሜና እሑድ

ጉዳቱ የደረሰው በሜሞሪያል ዴይ ረጅም እረፍት ነው። በዓሉ በዚያ ዓመት ሰኞ ሜይ 29 ላይ ዋለ። ሠራተኛው ሲቀንስ፣ ጫጫታው ሲበርድ ወፎቹ ተመቻቸው። በመጀመሪያው ቆጠራ 71 ገደማ ቀዳዳዎች ተገኙ። ምርመራው ሲቀጥል ቁጥሩ ወደ 200 ተጠጋ። ትንሹ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እንኳ የማይሞላ ነው። ትልቁ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው።

ለቤት ባለቤት ይህ የታወቀ ነገር ነው። ለሠርግ ወይም ለገና ሄደን ስንመለስ ግድግዳው ተበስቶ ይጠብቀናል። እኛ ቤት ውስጥ ስንንቀሳቀስ፣ በር ስንከፍትና ስንዘጋ ወፏን ሳናውቀው እያባረርናት ነበር ማለት ነው።

አንድ ሰው "ፎም ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ምን ታደርጋለች?" ሊል ይችላል። ትልቁ ሥጋት በረዶ ነው። ፎሙ በሳሳበት ቦታ የፍሎሪዳ እርጥብ አየር ከቀዘቀዘው ታንክ ጋር ይገናኛል። በረዶ ይሠራል። መንኮራኩሯ ስትነሣ ያ በረዶ ይረግፋል። ታንኩ ጎን ያለው ደግሞ የመንኮራኩሯ ሆድና ክንፍ ነው። ወደ ምድር ስትመለስ ከእሳቱ የሚጠብቃት ልባስ እዚያ ነው ያለው። ከታንኩ የሚወድቅ ነገር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከታንኩ የተገነጠለ ፎም የኮሎምቢያን ክንፍ መትቶ፣ ስትመለስ ሰባቱም ጠፈርተኞች አልቀዋል። በእርግጥ እዚያ ላይ ወፍ የለችበትም። በ1995 ግን ወፍ የበሳችውን ታንክ "ይሁን፣ ይሂድ" ያላለ ሰው ልክ ነበር።

የእኛ ግድግዳም በመጠኑ እንዲሁ ነው። ቀዳዳው ራሱ አይጎዳም። የሚጎዳው የሚገባበት ነገር ነው። ዝናብ ይገባል። ውሃው ከልባሱ ኋላ ይወርዳል። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ሻጋታ ያወጣል። ከላይ ስናየው የአንዲት ሳንቲም ስፋት ያላት ቀዳዳ ናት። ከውስጥ ሌላ ታሪክ ነው።

ጥገናው

ባለሙያዎቹ መጀመሪያ የሞከሩት ማንም ሰው የሚሞክረውን ነው። እዚያው፣ ባለችበት እንጠግናት አሉ። በእጅ የሚደረስባቸው ቀዳዳዎች ነበሩ። ላይኛው ክፍል ያሉት ግን ከማስወንጨፊያው መድረክ አይደረስባቸውም። በማስወንጨፊያው ላይ ጥገናው አልሆነም። ወደ መገጣጠሚያ ሕንፃው እንድትመለስ ተወሰነ። ጉዞው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ተሽከርካሪው ተጭኖ በሰዓት ከ1.6 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ሰው በእግሩ ይቀድመዋል።

ሕንፃው ውስጥ ቀዳዳዎቹ ተጠገኑ። ጁን 15 ዲስከቨሪ ወደ 39ቢ ተመለሰች። አንድ ሳምንት ነው የፈጀው። መዘዙ ግን ከዚያ ይረዝማል። ከእሷ ኋላ ትወጣለች የተባለችው አትላንቲስ ቀደመቻት። ጁን 27 ተወንጭፋ ከሩሲያው የጠፈር ጣቢያ ከሚር ጋር ተገናኘች። ዲስከቨሪ ተራዋን ጠብቃ የወጣችው ጁላይ 13 ነው። ከአንድ ወር በላይ ዘገየች ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ጥገናው ራሱ ከባድ አልነበረም። ከባዱ መድረሱ ነበር። የሁለተኛ ፎቅ ግድግዳ ላይ ያለች ቀዳዳ ለማስጠገን ዋጋ የጠየቀ ሰው ይህን ያውቃል። የሚከፈለው ለፎሙና ለቀለሙ አይደለም። ለመሰላሉና ለስካፎልዲንጉ ነው። ስለዚህ ኮንትራክተር አንዴ ከወጣ አይቀር የታየችውን ቀዳዳ ብቻ አታስደፍኑት። ጣሪያው ሥር ያለውን ሁሉ ያሳያችሁ፣ ፎቶ ያንሳላችሁ።

የናሳ ሦስት እርምጃዎች

ናሳ ወፎቹን መግደል አልቻለም። ፍሊከር እ.ኤ.አ. በ1918 በወጣው የስደተኛ ወፎች ሕግ የተጠበቀች ናት። ያለ ፈቃድ መግደል፣ እንቁላሏን ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ማጥፋት ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ 15 ሺህ ዶላርና እስከ ስድስት ወር እስር ይደርሳል። የአየር ጠመንጃ ይዞ ጓሮ የሚወጣ ጎረቤት ካላችሁ ይህን ንገሩት።

ስለዚህ ለዚሁ ጉዳይ ቡድን ተቋቋመ። የቡድኑ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል "በርድ" ነበር፣ ወፍ ማለት ነው። የመንግሥት ሰዎችም ቀልድ ያውቃሉ። ቡድኑ በሦስት ደረጃ የሚሠራ ዕቅድ አወጣ።

መጀመሪያ የተነካው አካባቢው ነው። በማስወንጨፊያዎቹ ዙሪያ ያሉ ዘንባባዎች፣ የደረቁ ዛፎችና አሮጌ የስልክ እንጨቶች እንዲነሱ ተባለ። ሣሩ ደግሞ እንዳይታጨድ፣ እንዲረዝም ተወሰነ። ሣሩ ሲረዝም ጉንዳኑ ይሸሸጋል። ጉንዳን ያጣች ፍሊከር ሌላ ሣር ትፈልጋለች። እንዴት ያለ ጥሩ ሐሳብ ነው! ምንም አልተገዛም። የማጨጃውን መኪና ማቆም ብቻ ነው።

ሁለተኛው ማስፈራሪያ ነው። የፕላስቲክ ጉጉቶች ተተከሉ። ትልቅ የሚያፈጥ ዓይን የተሳለባቸው ፊኛዎች ተሰቀሉ። ውሃ መርጫም ተዘጋጀ። ወፎቹን ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም።

ሦስተኛው ሰው ነው። ማስወንጨፊያው ላይ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ተመደቡ። ወፍ ሲያዩ ይመዘግባሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ያሳውቃሉ፣ እርምጃው ወዲያው ይወሰዳል። በአገራችን ማሽላ ሲያሸት ማማ ላይ ተቀምጦ ወንጭፍ የሚያጮኸውን ልጅ አስታወሰኝ። ጨረቃ ላይ ሰው ያወጣ ድርጅት መጨረሻ ላይ የደረሰው እዚያው ነው።

ከሦስቱ ስሙ የቀረው ጉጉቱ ነው። ጋዜጣ ላይ ያምራል። እኔ ግን ክብደት የምሰጠው ለአንደኛውና ለሦስተኛው ነው። በቅደም ተከተል የተቀመጡትም በከንቱ አይመስለኝም። መጀመሪያ ወፏ ለምን እንደመጣች ተጠየቀ። ከዚያ ነው ማስፈራራቱ የመጣው። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው የዚህን ግልባጭ ነው። ወፏ አምስት ቀዳዳ ከበሳች በኋላ ጉጉት እንገዛለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኼ ነው።

በረራው ራሱ ያለ ችግር አለቀ። ቆጠራው ሊያልቅ 31 ሰከንድ ሲቀረው፣ ከታንኩ ጋር በተያያዘ የደህንነት ሲግናል ምክንያት ለ55 ሰከንድ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። ዲስከቨሪ አንድ የመገናኛ ሳተላይት ጠፈር ላይ ትታ ጁላይ 22 ተመለሰች። ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ደለስ አየር ማረፊያ አጠገብ ባለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ቆማለች። ሰው ለመቀበል ደለስ የምትሄዱ ሰዎች በረራው ከዘገየ ጎራ ብላችሁ እዩዋት። ታንኩን ግን አታገኙትም። ታንኩ በየበረራው አገልግሎቱን ሲጨርስ ይጣል ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ ናሳ ሌላ ወፍ ገጠመው። በጁላይ 2005 ይህቺው ዲስከቨሪ ስትነሣ ታንኳ አንድ ጥንብ አንሳ ገጨ። ጥንብ አንሳ ደግሞ እንደ ፍሊከር ትንሽ አይደለም። መፍትሔው ምን ሆነ? በማዕከሉ መንገዶች ላይ መኪና የሚገጨው እንስሳ ቶሎ እንዲነሳ ተደረገ። ሥጋ ከሌለ አሞራ ምን ሊሠራ ይመጣል? ከረዘመው ሣር ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው።

ቤታችን ላይ ሲሆን

የመጀመሪያው ሥራ ቀዳዳውን ማንበብ ነው። ወፏ ለምን እንደመጣች ቀዳዳው ራሱ ይናገራል።

ክብና ሰፊ፣ ቡጢ የሚያስገባ ከሆነ የጎጆ ወይም የማደሪያ ነው። በፀደይ ከሆነ ለእንቁላል ነው። በመኸር፣ ከሴፕቴምበር በኋላ ከሆነ ክረምቱን ለማደር ነው። ኮሎራዶ ያላችሁ ይህን ሁለተኛውን በደንብ ታውቁታላችሁ። ዴንቨር አካባቢ ብዙ ቤቶች በፎም ላይ ስስ ሰው ሠራሽ ልስን የተለሰኑ ናቸው። ፍሊከር ልስኑን በጥቂት ምት ትሰብረዋለች። ከዚያ ፎሙ ነው። ነጩ ፍርፋሪ ሣሩ ላይ፣ በረንዳው ላይ በረዶ የጣለ ይመስል ይበተናል። ዲስከቨሪ ላይ አሉሚኒየም ነበር ያቆማት። እዚህ ፎሙን ጨርሳ እንጨቱ ጋ ስትደርስ ወደ ጎን ታሰፋዋለች፣ ተመችቷት ታድራለች።

ትንንሽና የተዘበራረቁ፣ ወይም በመስመር የተደረደሩ ቀዳዳዎች ከሆኑ ምግብ ፍለጋ ነው። ግድግዳችሁ ውስጥ ነፍሳት አሉ ማለት ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ዋነኛው ተጠርጣሪ እንጨት የሚበሳው ትልቁ ንብ ነው። ቀለም ያልተቀባ እንጨት ላይ፣ በተለይ ከጣሪያው ጠርዝና ከበረንዳው ሥር፣ የጣት ስፋት ያላት ልክ በመሰርሰሪያ የተበሳች የምትመስል ክብ ቀዳዳ ይሠራል። ውስጥ እጩን ያስቀምጣል። ግንደ ቆርቁሯ የእጩን እንቅስቃሴ ተከትላ እንጨቱን በረጅሙ ትዘነጥለዋለች። እዚህ ላይ ወፏን ማባረር ዋጋ የለውም። ንቡን አስወግዱ፣ ቀዳዳውን ድፈኑ፣ እንጨቱን ቀለም ቀቡት። ወፏ ራሷ ትሄዳለች። እንዲያውም ነፍሳት እንዳሉባችሁ የነገረቻችሁ እሷ ናት።

ቀዳዳ ሳይኖር ድምፅ ብቻ ካለ ደግሞ ከበሮ ነው። ገና ሳይነጋ የጭስ ማውጫው ቆርቆሮ ወይም አሸንዳው ላይ "ትርርርርር" ይላል። አንድ ሰከንድ ይቆያል። በዚያች ሰከንድ ውስጥ ፍሊከር 25 ጊዜ ገደማ ትመታለች። ይህ የእኔ ግዛት ነው፣ ሚስትም እፈልጋለሁ ማለት ነው። ቆርቆሮ የሚመርጠው ድምፁ ሩቅ ስለሚሄድ ነው። እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ የመራቢያው ወቅት ሲያልፍም ይቆማል። ካልቻላችሁ የሚመታውን ቦታ በወፍራም ጨርቅ ወይም በፎም ሸፍኑት። ድምፁ ከታፈነ ለእሱ ምንም አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ጉጉቱ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ጉዳይ በደንብ አጥንተውታል። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ኢትካ አካባቢ 1,400 ያህል ቤቶችን ተመለከቱ። እንጨት የለበሱና በቡናማ ዓይነት ቀለም የተቀቡ ቤቶች ይበልጥ ይጠቃሉ። ነጭ ቤቶች፣ ቪኒልና አሉሚኒየም የለበሱ ቤቶች ያነሰ ይጠቃሉ። የታንኩን ቀለም አስታውሱ። ቀለሙ ብቻ ነው ምክንያቱ አልልም፣ ግን ነጭ ቀለሙ የተተወበት ታንክ መሆኑ ያስገርማል።

ከዚያ ማባረሪያዎቹን አወዳደሩ። የፕላስቲክ ጉጉት፣ የሚያፈጥ ዓይን፣ የጭልፊትና የጭንቀት ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ፣ የማደሪያ ሳጥን፣ የስብ መመገቢያ፣ የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ጥብጣብ። በተወሰነ ደረጃ ያስተማመነው ጥብጣቡ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ ያስቆመው በግማሾቹ ቤቶች ላይ ነው። ጉጉቱ ጥቂት ቀን ያስፈራል። የማይንቀሳቀስ ጉጉት ግን ወፍም ይንቀዋል። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከአገር ቤት የመጡ እናት ጣሪያ ላይ ጉጉት ተተክሎ ሲያዩ ምን እንደሚሉ ገምቱ። ሰው በገንዘቡ ሟርት ይገዛል ወይ?

ጥብጣቡ ርካሽ ነው። ስትሰቅሉት ግን ግድግዳው ላይ አትለጥፉት። ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነፋስ ሊያወዛውዘው ይገባል። ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። የመጀመሪያዋን ምት በሰማችሁበት ቀን ከሰቀላችሁ ወፏ ገና ቦታ እያማረጠች ነው። ጎጆዋን ከጨረሰች በኋላ ለመልቀቅ አትፈልግም።

አስተማማኝ መፍትሔ የምትፈልጉ ከሆነ መረብ ነው። ቀዳዳው ከ2 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ የወፍ መከላከያ መረብ። ከጣሪያው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ታች ይወጠራል። ከግድግዳው ቢያንስ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል መራቅ አለበት፣ አለዚያ በመረቡ ውስጥ አሻግራ ትመታለች። ከላላ ደግሞ ወፏ ትጠመድበታለች። በደንብ ከተወጠረ ከመንገድ ብዙም አይታይም። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ ግን ከመስቀላችሁ በፊት ጠይቁ። ማኅበሩ ከወፏ የባሰ ሊቆረቁር ይችላል።

መድፈኑም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ውስጡን በባትሪ አይታችሁ እንቁላል ወይም ጫጩት አለመኖሩን አረጋግጡ። ካለ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ጠብቁ፣ ሕጉም ይህንን ይላል። ከዚያ ሳትዘገዩ ድፈኑ። ክፍት ቀዳዳ ለሌላ ግንደ ቆርቁር "ቦታ አለ" ይላል። ልስን ከሆነ ጉድጓዱን በፎም ቁራጭ ሞልቶ፣ የፋይበር መረብ አልብሶ፣ መልሶ መለሰን ነው። የሚረጭ ፎም ብቻ ሞልቶ መተው ለሚቀጥለው ወር ማዘጋጀት ነው። እንጨት ከሆነ በእንጨት ተደፍኖ ቀለም ይቀባል። በየዓመቱ የሚመለስባችሁ ማዕዘን ካለ ደግሞ ያንን ክፍል ብቻ በፋይበር ሲሚንት ወይም በአሉሚኒየም መለወጥ ውሎ አድሮ ይረክሳል።

ለፍሊከር ተብሎ የሚሸጥ የማደሪያ ሳጥንም አለ። ውስጡ በእንጨት ፍቅፋቂ ይሞላል፣ እየቆፈረች እንድትገባ። ሐሳቡ ያምራል፣ ከላይ ካልነው ጋርም ይሄዳል። በኮርኔሉ ጥናት ግን ሳጥን አስተማማኝ ውጤት አላሳየም። ከመረብ ጋር አብሮ ቢሰቀል አይጎዳም፣ ብቻውን ግን አልመክርም።

ስለ ኢንሹራንስ አንድ ነገር። ብዙ የቤት ኢንሹራንስ ውሎች ወፍ፣ አይጥና ነፍሳት ያደረሱትን ጉዳት አይከፍሉም። ቤት ልትገዙ ከሆነ ተቆጣጣሪው ግድግዳውን ሲያይ አብራችሁ ዙሩ። የጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ማዕዘኑ ላይ፣ ቀለሙ ከሌላው ትንሽ የሚለይ ክብ ጥገና ካያችሁ ሻጩን ጠይቁት። መቼ እንደተደፈነ፣ ስንት ጊዜ እንደተደፈነ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገ። "ደፍነነዋል" ብቻ ካላችሁ መረቡንና ስካፎልዲንጉን ዋጋው ላይ ቀንሳችሁ ተደራደሩ።